አላረግድም

እናቴ ማስተዋል ብላ ስም አወጣችልኝ፤ እኔ ግን በዚያ ዓመት ያስተዋልኩት አንድም ነገር የለም። የአባቴ ዘመዶች የእናቴን ቀለበት ሊነጥቁ ከደሃና ድረስ አህያ ጭነው የመጡ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቼ ነበር። በዚህ ስሕተት ግን አላፍርም፤ እንዲያውም እንኳን ተሳሳትኩ እላለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ቀለበቱ የብር ነው፤ መሐሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ድንጋይ አለችው። አባቴ ሀይሉ ለሠርጋቸው የገዛው ከእትዬ ፋጤ ሱቅ ነው። እትዬ ፋጤ ሰቆጣ ገበያ አፍ ላይ ጨርቅ፣ ዶቃና ሽቶ የምትሸጥ ጎረቤታችን ናት፤ እናቴ ደግሞ ከሱቋ በራፍ ላይ የገብስ ቆሎ ትሸጣለች። እትዬ ፋጤ ቀለበቱን ስታሳየው "ዙምሩድ ነው" አለችው። አባቴ ልጅነቱን ቄስ ትምህርት ቤት የጨረሰ ሰው ነውና፣ በእኛ መረግድ ይባላል፣ በሰማይ ባለችው ከተማ መሠረት ላይ አለ፣ ብሎ አስተማራት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ቀለበት የሚል ቃል ቀረ። መረግዴን አቀብይኝ፣ መረግዴን ሊጥ ነካብኝ፣ መረግዴን የት ጣልኩት። ይህን ቃል እንደ ስሜ ነበር የማውቀው።

ሌላውን ቃል ግን አላውቅም። ሴቶች ለቅሶ ላይ ደረታቸውን እየመቱ፣ እግራቸውን እያነሱ እየጣሉ ሲያለቅሱ ማርገድ ይባላል። እናቴ ልጅ ለቅሶ ቤት አይገባም ባይ ስለነበረች፣ ሲረገድ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አባቴ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር የወጣው እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። የወልዲያ አውቶቡስ ላይ ሲሳፈር ግራጫ ኮቱን አውልቆ ለእናቴ ሰጣት፣ እዚያ ሙቀት ነው ብሎ። እኔ ኮቱን ከነሽታው ለብሼው ወደ ቤት ተመለስኩ። እጅጌው መሬት ይጠርግ ነበር።

መርዶው የመጣው በማለዳ ነው። ከጋቢ ሥር ሆኜ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ። መምሬ ገብረ አማኑኤል ገቡ፤ የነፍስ አባታችን ናቸው። የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ባንተአምላክ ገባ። ከኋላቸው ፊቱ በፀሐይ የተላጠ፣ ቀና ብሎ ማየት ያቃተው ሰው ገባ። ሰውየው ከአባቴ ጋር አንድ ጀልባ ላይ ተሳፍሮ የተረፈ እንደሆነ ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የሚነጋገሩት በኽምጣንጋ ነበር። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ እናቴም ትምህርት ላይ እንዳይከብደኝ ብላ በአማርኛ ስለምታናግረኝ፣ ከወሬው የምለቅመው ፍርፋሪውን ነው። አያ ባንተአምላክ ድንገት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ጮኸ። እናቴ አልጮኸችም። ቀለበቷን ጣቷ ላይ ታዞረዋለች፣ ታዞረዋለች። ከዚያ አያ ባንተአምላክ ወደ መምሬ ዞሮ በአማርኛ አንድ ነገር አለ፤ እኔ በጆሮዬ የሰማሁት "መረግድ አለባት" ሲል ነው።

እውነት ነው፣ መረግድ አለባት። ጣቷ ላይ አለ። ታዲያ ይኼ ሰው ምን አገባው?

አያ ባንተአምላክ ያለው ግን "ማርገድ አለባት" ነው። የደሃና ዘመዶቼ አፋቸውን የፈቱት በኽምጣንጋ ስለሆነ፣ አማርኛቸው ላይ ማርገድና መረግድ ሲወጡ መንትያ ናቸው፤ እናትም አትለያቸው። አንዴ በጆሮዬ ከገባ ወዲያ ደግሞ ሌላ ምን ሊሰማኝ! ያለ መረግድ አይሆንም ይላሉ። ለሀይሉ መረግድ ይገባዋል ይላሉ። መረግዱን ምን ይዟት ነው የከለከለችው ይላሉ። እኔ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ሁሉም ስለ ቀለበቱ ነው።

አባቴንስ? እናቴን ጠይቄያታለሁ። አጠገቧ አስቀምጣ፣ አባትሽ ባሕር ላይ ቀረ አለችኝ። እኛ ቤት ቀረ ማለት ቆየ፣ ዘገየ ማለትም ነው። አያ ባንተአምላክም ገበያ ሲውል ይቀር ነበር። እንግዲያው አባቴም ባሕር ላይ ቀርቷል፣ ሥራ አግኝቶ ይሆናል ብዬ ቆሎዬን ቆረጠምኩ።

ዘመዶቹ እየበዙ መጡ። በየቀኑ አንድ ሁለቱ እየገቡ እናቴን ይመክራሉ፣ ይለምናሉ፣ ይቆጣሉ። ነገሩ ሲከርባቸው ወደ ኽምጣንጋ ይገባሉ፤ ሲመለሱ ያቺን ቃል ይዘው ይመለሳሉ። እናቴ ቆሎዋን ትቆላለች እንጂ ቀና አትልም። አንድ ቀን አያ ባንተአምላክ በሩ ላይ ቆሞ እንዲህ አላት።

"ጸሐይነሽ፣ የወንድሜ ሚስት ነሽ። አርግጂ። ሀይሉ ያልተለቀሰለት ሆኖ አይቀርም።"

"አያ ባንተአምላክ፣ እርስዎ ያልቅሱ፤ አልከለከልኩም። እኔ አላረግድም።"

አላረግድም። ይህንንም በራሴ መዝገበ ቃላት ፈታሁት፤ መረግዴን አልሰጥም ማለቷ ነው፣ ስለተናደደች አሳጥራው ነው አልኩ። እናቴን እንደዚያ ቀን ወድጃት አላውቅም። አያ ባንተአምላክ ረጅም ሰው ነው፣ በሩን ሞልቶት ነበር። እሷ ደግሞ የቆሎ መቁያዋን ይዛ ቁጭ ብላ፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ ነው የመለሰችለት።

አሁን ነገሩን እንደ ትልቅ ሰው ሳየው እንዲህ ነው። ለቅሶው ከተለቀሰ ሀይሉ በአገሩ ፊት ሞተ ማለት ነው። ሀይሉ ከሞተ ደግሞ ቤቱ ወደ ወንድሙ ይዞራል፤ እናቴም ወይ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፣ ወይ ከባሏ ዘመድ ላንዱ ትሰጣለች። ሕጉ ሌላ ይላል፤ ሽማግሌው ግን የሚፈርደው እንደ ለመደው ነው። ይህን የሚንሾካሾኩት የአያ ባንተአምላክ ሰዎች ነበሩ፤ እሱም ጆሮ አልነፈጋቸውም። ግን እውነቱን ልናገርና፣ የዚያን ቤት የድንጋይ ግድግዳ ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው በትከሻቸው ተሸክመው ያቆሙት። ደግሞም ሰውየው ወንድሙ ሞቶበታል፤ ማልቀስ ይፈልጋል፤ ሚስት ያላለቀሰችውን ሰው ወንድም ቀድሞ ቢያለቅስ በአገሩ ነውር ነው። ቤቱንም ለቅሶውንም ይፈልግ ነበር። እኔ ያኔ የማየው ሌባ ብቻ ነው።

የለቅሶው ቀን ሲቆረጥ እትዬ ፋጤ መጣች። ከእናቴ ጋር ግንባር ለግንባር ገጥመው ብዙ አወሩ። ስትወጣ አገጬን ይዛ፣ እናትሽን ጠብቂያት፣ ነገ ሊያስገድዷት ነው አለችኝ። እሺ አልኳት። ምን እንደምጠብቅ የማውቅ መስሎኛል።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ሊጥ ስታቦካ ቀለበቱን አውልቃ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። እሷ ፊቷን ስታዞር ብድግ አድርጌ አፌ ውስጥ ከተትኩት። ከእጄ ይነጥቁኛል፤ ከኪሴ ይፈትሹኛል፤ አፌን ግን ማን ደፍሮ ይከፍታል አልኩ። ብሩ ይመራል፣ ድንጋይዋ ግን ምንም ጣዕም የላትም።

ስለዚህች ድንጋይ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ዛሬ ሰቆጣ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አምና አንዲት ተማሪዬ ኤመራልድ ማለት ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ መረግድ ነው አልኳት፤ ቃሉ ከየት መጣ አለች። ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ። ስማራግዱስ የሚል የላቲን ቃል አገኘሁ፤ የእንግሊዝኛ ፍቺው ሥር የተጻፈውን ሳነብ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ኤመራልድ ይላል። ቀጥሎ ቤሪል ይላል። ቀጥሎ ኢያስጲድ ይላል። ለካ የጥንቶቹ ሰዎች አረንጓዴ ሆና የምታበራ ድንጋይ ካገኙ በዚያው በአንድ ስም ይጠሯት ኖሯል። እትዬ ፋጤ ደግሞ ካደግሁ በኋላ እንዳጫወተችኝ ቀለበቱ የመጣው ከዶቃ ጋር በአንድ ካርቶን ነው፤ ዙምሩድ ያለችው ነጋዴም ስለሆነች፣ አባቴም በጣም ስለወደደው ነው። ብርጭቆ ቢሆንም አይገርመኝም። ይሁን! አባቴ መረግድ አለው፤ እናቴ መረግድ አለችው፤ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይከራከረኝ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። ግቢያችን በሰው ሞላ። የአባቴን አልጋ አውጥተው ሜዳው ላይ አቆሙትና ግራጫ ኮቱን አነጠፉበት፤ ሬሳ በሌለበት በልብሱ ነው የሚለቀሰው። ያን ማን ነግሮኝ! ኮቱን ሳይ አባቴ መጥቶ ገላውን የሚታጠብ መስሎኝ በዓይኔ ፈለግሁት። አስለቃሿ ሙሾ ጀመረች። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተሰለፉና መሬቱን በእግራቸው ይደበድቡት ጀመር። አቧራው ተነሣ። እናቴ ቀለበቱን ቀብራው እንደሆነ መሬቱን እየረገጡ የሚፈልጉ መሰለኝ። ሞኞች፣ እዚህ ነው ያለው፣ እያልኩ ምላሴን አዞርኩበት።

እናቴ ከቤት አልወጣችም። ሙሾው ሦስቴ ጠራት፤ አልወጣችም። ሴቶቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ያለ ሚስት እስከ መቼ ይዘለላል? አያ ባንተአምላክ ከወንዶቹ መሐል ወጥቶ ወደ በሩ ሄደ፤ ሁለት ሰዎች ተከተሉት። እናቴን በክንዷ ይዞ ሊያወጣት ነው። በተከፈተው በር ሊጥ የነካ እጇ ይታየኛል፤ ምሰሶውን ጨብጣለች።

ያኔ ነው የሮጥኩት። አልጋው ላይ ወጥቼ ከኮቱ አጠገብ ቆምኩ። አፌ ውስጥ ቀለበት እንዳለ እንኳ ረስቼዋለሁ።

"መረግዱ የእናቴ ነው! እሷ ካልፈቀደች አይሆንም!"

ይህን ነው ያልኩት። አፉ ውስጥ ቀለበት የያዘ ሰው መረግዱ ሲል ምን ተብሎ እንደሚሰማ እንግዲህ ሞክራችሁ እዩት። አስለቃሿ ግጥሟን አፏ ላይ ተወችው። አያ ባንተአምላክ ከደጃፉ ላይ ዞረ። ሰው ሁሉ የሰማው፣ ማርገዱ የእናቴ ነው፣ ስል ነው።

አያ ባንተአምላክ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብሎ እጁን አወናጨፈ። መምሬ ገብረ አማኑኤል ግን መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ።

"ቆይ ባንተአምላክ። ልጅቷ እውነት ተናግራለች። ለባል ማርገድ የሚስት ነው። ሚስት ሳትፈቅድ የሚረገደው ለቅሶ አይደለም፣ ጭፈራ ነው። ኮቱን አንሡት።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እሳቸው ራሳቸው ሄደው ኮቱን አነሡና አጥፈው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈቱ። ዘመዶቹ ፀሐይ ሳትበርድ አህዮቻቸውን ጭነው መንገድ ገቡ። አያ ባንተአምላክ ከሁሉ ኋላ ቀረና ከግድግዳችን ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። መረግዱን አጣው ብዬ አላዘንኩለትም። ዛሬ ግን አዝንለታለሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ምሰሶውን እንደያዘች ናት። ምን አፍሽ ውስጥ ይዘሻል አለችኝ። ቀለበቱን እጄ ላይ ተፋሁት። ሊወስዱብሽ ነው እኮ የመጡት፣ መረግድ አለባት ሲሉ ሰምቻለሁ፣ አልሰጥም ስትይም ሰምቻለሁ አልኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ሲገባት ሳቋ መጣ። ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እትዬ ፋጤ እናቴ እሪ ያለች መስሏት ሮጣ መጣች። ውጭ የቀሩት ሰዎች ደግሞ ጸሐይነሽ አበደች ብለው አወሩ። እናቴ አላረመችኝም። ቀለበቱን በቀሚሷ ጠርጋ ጣቷ ላይ አጠለቀችና፣ አዎ፣ የኔ ነው አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ማንም ለቅሶ አልጠራም። ቤቱም የኛ ሆኖ ቀረ። ሚስቱ ያላለቀሰችለትን ሰው ርስት የሚያካፍል ሽማግሌ አልተገኘም። እናቴ ቆሎዋን ሸጠች፤ እኔን አስተማረች። ሰፈሩ የዋህ ናት አላት፤ ባሏን ዛሬም ትጠብቃለች፣ ባሕር የበላው ይመለስ መስሏታል እያለ አዘነላት። እኔም ያኔ የሆነውን ካወቅሁ በኋላ እንደዚያው መሰለኝ። ያወቅሁት ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ነው። አማርኛ አስተማሪያችን ለአለቃ ሁሉ እሺ የሚለውን ሰው ሲወቅስ፣ ለተባለው ሁሉ የሚያረግድ ብሎ ጠራው። ምንድን ነው ማርገድ አልኩ። አስተማሪው ከለቅሶው ጀምሮ አስረዳ። ደብተሬን ዘግቼ እስኪደወል ድረስ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ባለፈው ዓመት አያ ባንተአምላክ ታሞ ሞተ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ የእነሱን ደጅ ረግጣ አታውቅም፤ መርዶውን ስትሰማ ግን ነጠላዋን ለበሰች። ሚኒባሱ ደሃና ካደረሰን በኋላ ዳገቱን በእግር ስንወጣ፣ ለዓመታት ይዤው የኖርኩትን ጥያቄ አወጣሁት።

"እማ፣ ያኔ አባዬ ይመጣል ብለሽ ነው?"

ቆም አለች። ትንፋሿን ሰብስባ አየችኝ።

"ሀይሉ? መርዶ የነገሩኝ ለታ ነው ያመንኩት። ያ የተረፈው ሰው ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም፤ ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ማታ ማታ አንቺ ስትተኚ አልቅሼዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አላረግድም አልሽ?"

"አርግጂ ያሉኝ እነሱ ናቸዋ! ያን ቀን አርግጂ ሲሉኝ ባረግድ፣ በማግስቱ ውጪ ይሉኛል፤ በሠልስቱ እገሌን አግቢ ይሉኛል። አንድ ጊዜ የታዘዘ እግር መቼ ያርፋል? የኔን ኀዘን በነሱ ትእዛዝ አላደርገውም።"

ዳገቱን ቀጠለች። እኔ ኋላዋ ቀረሁ። ሰፈር ሙሉ የዋህ ያላት ሴት ከፊቴ እየሄደች ነበር፤ ኮራሁባት፣ እንባዬም መጣ፣ ሁለቱንም አልደበቅሁም።

የለቅሶው ሜዳ ላይ ስንደርስ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልን። ያን የድሮውን ነገር ያልሰማ የለም። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አስለቃሿ እንኳ በእናቴ ስም ሙሾ አላወጣችም፤ ማን ደፍሮ! ለእንግዳ እንደሚደረገው ከጥላው ሥር ድንጋይ ላይ ቦታ ሰጡን። እናቴ አልተቀመጠችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፣ ሰልፉ መሐል ገባች። መጀመሪያ እግሯ የዘነጋው ይመስል ነበር። ከዚያ ያዘላት። አረገደች። ደረቷን በእጇ እየመታች፣ ጉልበቷ እስኪብረከረክ፣ እዚያ ያለውን ወጣት ሁሉ አስከትላ አረገደች። ከዚያ ድምፅዋን አወጣች፤

ሀይሉን ባሕር በላው፣ ባንቴን በላው አፈር፣
ሁለቱን ባንድ ቀን ላልቅስ ወይስ ላፍር?

የአባቴ ስም በአደባባይ ሲለቀስ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሜዳው ሙሉ ተነሣ። የአያ ባንተአምላክ ልጆች መጥተው እናቴን ግራና ቀኝ ያዟት፤ አብረው ለአባታቸውም ለአጎታቸውም አለቀሱ። እኔም ገባሁ። አልችልበትም፤ ግን ገባሁ።

ሲያበቃ የአያ ባንተአምላክ አክስት፣ ዓይኗ የፈዘዘ አሮጊት፣ በምርኩዟ እየዳሰሰች መጥታ እናቴን በትከሻዋ ያዘቻት።

"ጸሐይነሽ፣ ያኔ ያን ሁሉ ሰው ለምኖሽ እንቢ ያልሽ ሴት፣ ዛሬ ምን አገኘሽ?"

እናቴ ላብና አቧራ የተደባለቀበትን ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

"ያኔ አርግጂ አላችሁኝ። ዛሬ ማንም አላለኝም።"